የፍራፍሬ አይስ ቲ በቤት ውስጥ፦ ሳይመር፣ ሳይደፈርስ፣ ውሃ ውሃ ሳይል

ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ ይህ ነው፦ «ትኩሱን ሻይ አሳምሬ አፈላለሁ። ያንኑ አቀዝቅዤ ፍራፍሬ ስጨምርበት ግን ይመራል፣ ይደፈርሳል፣ በረዶ ሲገባበት ደግሞ ጣዕሙ ይጠፋል። ምን አጎደልኩ?»

ብዙ ጊዜ የጎደለ ነገር የለም፤ የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው። ሻዩና ፍራፍሬው ለየብቻ ይሠራሉ፣ ለየብቻ ይበርዳሉ፣ የሚገናኙት ከዚያ በኋላ ነው። አብራችሁ ካፈላችኋቸው ቅጠሉ ፍራፍሬው እስኪበስል እሳት ላይ ይቆይና ይመራል፤ ለቅጠሉ ብላችሁ ቶሎ ካወጣችሁት ደግሞ ፍራፍሬው ጣዕሙን ሳይሰጥ ይቀራል። ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚነሱ ናቸው።

ዋናው አሠራር በአናናስና በዝንጅብል ነው። አናናስ የተመረጠው ገበያ ላይ ብዙም ስለማይጠፋና የምንጥለው ልጣጩ ከሥጋው ያላነሰ መዓዛ ስላለው ነው። በማንጎ፣ በእንጆሪ፣ በኮክ ወይም በሌላ ፍራፍሬ መሥራት ለሚፈልግ የሚለወጠውን ከእርምጃዎቹ በኋላ አስቀምጠናል።

መጠኑ በረዶው ከቀለጠበት በኋላ ወደ 2 ሊትር፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ስምንት ያህል ይወጣዋል። ሥራው ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ከዚያ ማቀዝቀዝና ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ነው። በረዶው ግን ከአንድ ቀን በፊት መዘጋጀት አለበት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሻዩ፦
- 1 ሊትር ውሃ
- 14 ግራም ጥቁር ሻይ ቅጠል፣ ማለትም ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ። በክር የሚነከረው ከሆነ ባለ 2 ግራሙን 7 ፍሬ

ለአናናስ ሽሮፑ፦
- መካከለኛ አናናስ 1፣ ከነቅጠሉ 1 ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ የሚል
- 700 ሚሊ ሊትር ውሃ
- 20 ግራም ዝንጅብል፣ አውራ ጣት የሚያህል
- 120 ግራም ስኳር፣ ልሙጥ 10 የሾርባ ማንኪያ
- ከወደዳችሁ አንድ እንጨት ቀረፋ

ለመጨረሻው፦
- ሎሚ 3፣ ትንንሾቹ
- የናና ቅጠል 12 ያህል
- በረዶ

ዕቃ፦ የማይዝግ ብረት ድስት፣ በራድ ወይም ሌላ ድስት፣ ማጥለያ፣ ንጹሕ ስስ ጨርቅ፣ ክዳን ያለው ባለ 2 ሊትር ጆግ፣ የበረዶ ትሪ፣ ደቂቃ የሚቆጥር ስልክ።

ሚዛንና መለኪያ ከሌላችሁ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውሃ ላስቲክ ይበቃል፤ ሁለቱ አንድ ሊትር ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ለኩበት። ማንኪያውን ደግሞ በቢላዋ ጀርባ ላጩት። በተከመረና በልሙጥ ማንኪያ መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ሊደርስ ስለሚችል «ስድስት ማንኪያ ነው ያደረግኩት፣ ግን መረረ» የሚሉን ብዙዎቹ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ስለ ቅጠሉና ስለ ውሃው

የውሽውሽም ሆነ የጉማሮ ሻይ፣ ሱቅ ውስጥ የምናገኘው አብዛኛው የአገር ውስጥ ቅጠል ደቃቅና ድብልብል ነው። እንዲህ ያለው ቅጠል ቀለሙንም ምሬቱንም ቶሎ ይለቃል፤ ለዚህ ነው ትላልቅ ቅጠል ላለው የውጭ ሻይ የተጻፈ ሰዓት ለእኛ የማይሠራው። ቅጠሉ ሽታ ይስባል። በርበሬ ወይም ሳሙና አጠገብ የተቀመጠ ሻይ ሲቀዘቅዝ ያንን ሽታ ያወጣዋል፤ በትኩሱማ ቅመሙ ይሸፍነዋል። የተከፈተ ፓኬት በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ገልብጡ።

ውሃው ከባድ ከሆነ፣ ማለትም ካልሲየም ከበዛበት፣ ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል፣ ቀለሙም ጥቁር ግራጫ ይሆናል። የድሬዳዋ ሰው በራዱ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ያውቀዋል፤ ምክንያቱ ያው ካልሲየም ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ውሃውን ቀድማችሁ አፍሉና ዝቃጩ እስኪቀመጥ ጠብቁ፣ ከዚያ ላይ ላዩን ብቻ ቀድታችሁ ተጠቀሙ፤ ካልሆነ የታሸገ ውሃ ይሻላል።

አሠራሩ

1. ከአንድ ቀን በፊት በረዶውን ሥሩ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ትሪው ላይ ሙሉና ሸፍናችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡ። ማቀዝቀዝ ጀርም አይገድልም፤ ያልተፈላ ውሃ በረዶ ሲሆን ያለበትን ይዞ ይቆያል፣ ብርጭቆው ውስጥ ሲቀልጥም ይለቀዋል። መሸፈኑ ደግሞ ለሽታ ነው። ክፍት ትሪ ፍሪዘር ውስጥ ያለውን የሥጋና የሽንኩርት ሽታ ይስባል።

ከቻላችሁ ከበረዶው ግማሹን ከሻይ ሥሩት፦ 2 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ቅጠል በግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ 3 ደቂቃ፣ አጥልሎ፣ አብርዶ ወደ ትሪ። ሲቀልጥ መጠጡን አያቀጥነውም።

2. አናናሱን ሳትልጡ እጠቡት። ልጣጩን ስለምትቀቅሉት ይህን በችኮላ አትለፉት። በብሩሽ፣ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ዓይኖቹ መካከል ያለው አፈር እስኪወጣ ፈትጉ። የሻገተ ወይም የለሰለሰ ቦታ ካለ ከነአካባቢው ቆርጣችሁ ጣሉት። ከዚያ አናቱንና ታቹን ቁረጡ፣ ላጡ፣ ለአራት ሰንጥቁና መሐሉ ላይ ያለውን ጠንካራ ክፍል አውጡ። ልጣጩና ጠንካራው ክፍል ለድስት ነው። ከሥጋው ግማሹን በትንንሹ ክተፉ፤ የቀረው ግማሽ ለብርጭቆው፣ አለበለዚያም ለሚሠራው ሰው።

አናናሱ መብሰሉን በቀለሙ ብቻ አትፍረዱ፣ ታቹን አሽትቱት። ታቹ ካልሸተተ ሽሮፑም አይሸትም፤ የኮመጠጠ የወይን ጠጅ ሽታ ካለው አልፎበታል።

3. ልጣጩን ቀቅሉ። ልጣጩን፣ ጠንካራውን ክፍልና በስሱ የተከተፈውን ዝንጅብል ከ700 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር ድስት ውስጥ ጨምሩ። ቀረፋ ካላችሁ አሁን ይግባ። ሲፈላ እሳቱን ቀንሱ፣ ገርበብ አድርጋችሁ ክደኑና 20 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። በኃይል ከፈላ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ከቆየ ደግሞ የእንጨት ጣዕም ያመጣል።

ቅርንፉድ መጨመር የለመደ ሰው ከሁለት ፍሬ አይለፍ። ትኩስ ሻይ ውስጥ ደስ የሚለው ቅርንፉድ በቀዝቃዛው ምላስ ያደነዝዛል፣ አናናሱንም ይውጠዋል።

4. ሥጋውንና ስኳሩን ጨምሩ። የተከተፈውን ግማሽ ሥጋ ጨምራችሁ 5 ደቂቃ ብቻ አቆዩት፣ እሳቱን አጥፉና በሹካ ወይም በድንች መጨፍለቂያ ጨፍልቁት። በማጥለያ፣ ከዚያም በስሱ ጨርቅ አጥልሉት። እዚህ ላይ ጨርቁን መጭመቅ ይቻላል፤ ፍራፍሬ ሲጨመቅ የሚያወጣው ጭማቂውን ነው። የሻዩ ጉዳይ የተለየ መሆኑን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ስኳሩን ፈሳሹ ትኩስ እያለ ጨምራችሁ እስኪሟሟ አማስሉ። ቀዝቃዛ መጠጥ ላይ የተጨመረ ስኳር ታች ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ብርጭቆ ጎምዛዛ፣ የመጨረሻው ማር ይሆናል። አሁን ስትቀምሱት ጣፋጭነቱ በዛ ያለ ይመስላችኋል፣ ልክ ነው፤ ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ያደበዝዛል፣ በረዶውም ያቀጥነዋል። ወደ 500 ሚሊ ሊትር የሚሆን ሽሮፕ ሊኖራችሁ ይገባል። ካነሰ የፈላ ውሃ ጨምራችሁ ሙሉት።

5. ሻዩን ዘፍዝፉ እንጂ አታፍሉት። አንድ ሊትሩን ውሃ አፍሉ፣ ከእሳት አውርዱ፣ ቅጠሉን ጨምሩ፣ ክደኑና ስልካችሁን 4 ደቂቃ ላይ ሙሉ።

ቤታችን የለመድነው ቅጠሉን ከውሃው ጋር ማንተክተክ ነው። ለትኩስ ሻይ ስኳሩና ቅመሙ ምሬቱን ስለሚያለሳልሱት ችግር የለውም። ሲቀዘቅዝ ግን ያ ሁሉ ታኒን፣ ማለትም ከቅጠሉ የወጣው መራራ ነገር፣ አፍ የሚያደርቅ ሆኖ ይቀራል፣ መደፍረሱንም የሚያመጣው እሱ ነው። «ይበልጥ እንዲጠነክር» ጊዜ የሚያስረዝም ሰው የሚያገኘው ምሬት ነው። ጠንከር ያለ ከፈለጋችሁ ቅጠሉን ጨምሩ፣ ደቂቃውን አታስረዝሙ።

አራቱ ደቂቃ ለደጋ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ ቆላ ላይ ወይም እንደ ዱባይ ባለ የባሕር ጠረፍ ከተማ ወደ 100 ይጠጋል። ሙቀቱ ከፍ ሲል ቅጠሉ በፍጥነት ይለቃል፤ ስለዚህ እዚያ ያላችሁ ውሃውን ካወረዳችሁ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆይታችሁ ቅጠሉን ጨምሩ፣ ወይም በ3 ደቂቃ አውጡት።

6. አጥልሉ፣ ቅጠሉን ግን አትጭመቁ። በማጥለያ አውርዱትና ራሱ እስኪንጠባጠብ ጠብቁ። የሚነከረውን ሻይ በማንኪያ ጠምዝዞ መጭመቅ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ የምትጨምቁት መጨረሻ የቀረውን መራራ ነው። ደቃቅ ቅጠል ካለፈ በጨርቅ ድገሙት፤ ታች የሚቀመጥ አተላ ፍሪጅ ውስጥ ሆኖም መልቀቁን አያቆምም።

7. ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ሻዩንና ሽሮፑን ለየብቻ ሸፍናችሁ ጠረጴዛ ላይ ተዉአቸው፤ ዕቃውን ስትነኩት ለብ ያለ ሲሆን፣ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት፣ ሁለቱንም ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ትኩስ ሻይ ቀጥታ ፍሪጅ ከገባ ወይም በረዶ ከተደፋበት ታኒኑና ካፌይኑ ይጣበቁና ወተት ጠብ ያለበት መስሎ ይደፈርሳል። ጉዳት የለውም፣ መልኩ ነው የሚበላሸው። በሌላ በኩል ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩት፤ ስኳርና ፍራፍሬ ያለበት ለብ ያለ ፈሳሽ ለጀርም ምቹ ነው።

8. ሁለቱም ከቀዘቀዙ በኋላ ቀላቅሉ። ጆጉ ውስጥ መጀመሪያ ሻዩን፣ ከዚያ ሽሮፑን፣ መጨረሻ የሦስቱን ሎሚ ጭማቂ አጥልላችሁ ጨምሩ። ሎሚው ሲገባ ሻዩ በአንድ ጊዜ ሲፈካ ታያላችሁ፤ አሲዱ የሻዩን ቀለም ስለሚያነጣው ነው እንጂ ሻዩ አልቀጠነም። ሎሚ ትኩስ ላይ አይጨመርም፤ መዓዛው ተንኖ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል።

አሁን ያላችሁ 1 ሊትር ተኩል የሚሆን፣ ሆን ተብሎ ጠንከር የተደረገ መጠጥ ነው። በተራ በረዶ የምታቀርቡት ከሆነ ውሃ አትጨምሩ፤ የቀረውን ግማሽ ሊትር በረዶው ይሞላዋል። በሻይ በረዶ ወይም ያለ በረዶ ከሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እየቀመሳችሁ እስከ ግማሽ ሊትር ጨምሩ።

9. ናናውን በመጨረሻ። ቅጠሎቹን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ በሌላው መዳፍ ጠፍጠፍ አድርጓቸው፤ መዓዛው እንዲወጣ ይህ ይበቃል። መውቀጥ ሣር ሣር የሚል አረንጓዴ ጣዕም ያመጣል። ጆጉ ውስጥ ጨምራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ አውጡት። ያደረ ናና ይጠቁራል፣ መጠጡንም ያመርረዋል።

10. አቅርቡ። ብርጭቆውን ሁለት ሦስተኛ ያህል በረዶ ሙሉ። ትንሽ በረዶ ቶሎ ይቀልጣል፣ ብዙ በረዶ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ «እንዳይቀጥን» ብሎ ሁለት ፍሬ ብቻ የሚጨምር ሰው ይበልጥ የቀጠነ ነው የሚጠጣው። ከቀረው አናናስ ሦስት አራት ቁራጭ ጣል አድርጉና ሻዩን ቅዱበት።

በሌላ ፍራፍሬ ሲሠራ

ሻዩ ያው ነው፤ የሚለወጠው ከ2 እስከ 4 ያለው ነው። ሽሮፑ በሁሉም ላይ ወደ 500 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት።

ማንጎ አይቀቀልም፤ ሲቀቀል የታሸገ ጁስ ጣዕም ይይዛል። ሁለት የበሰሉ ማንጎዎችን ልጣችሁ ከ300 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጋር ፍጩና በጨርቅ አጥልሉ፣ ቃጫው ካልቀረ ጉሮሮ ይይዛል። ስኳሩን በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ጨምሩ፣ መጠኑም እንደ ማንጎው ወደ 80 ግራም ይውረድ። በማንጎ የተሠራ ሻይ ጥርት እንደማይል ከወዲሁ እወቁት። ሲቆይም ታች ስለሚቀመጥ ከመቅዳታችሁ በፊት ጆጉን ወዝወዝ አድርጉ።

እንጆሪ 400 ግራም፦ በደንብ ታጥቦ፣ ጭራው ወጥቶ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ከስኳሩ ጋር ይታሽና 40 ደቂቃ ይቆያል። ስኳሩ ራሱ ጭማቂውን ስቦ ያወጣዋል። ከዚያ 300 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ 10 ደቂቃ ከድናችሁ አቆዩት፣ አጥልሉት። እንጆሪ መሬት ላይ ተኝቶ የሚያድግ፣ ልጣጭ የሌለው ፍሬ ስለሆነ የፈላው ውሃ ለጣዕም ብቻ አይደለም።

ኮክ በክረምት ሲደርስ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ በተለይ ትንሽ ጎምዘዝ የሚለው። ከ8 እስከ 10 ፍሬ ከነልጣጩ ሰንጥቁ፣ ፍሬ አጥንቱን አውጡ፣ በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ደቂቃ አንተክትኩና ስኳሩን ጨምራችሁ አጥልሉ። ልጣጩ ቀለሙን ሮዝ ያደርገዋል። አጥንቱን ሰብራችሁ ውስጡን አትጨምሩ፤ መራራ የሆነው ሳይናይድ የሚፈጥር ነገር ስላለው ነው። ሎሚው ወደ አንድ ይቀነስ።

ፓሽን ፍሩት ላይ ፍሬውን በብሌንደር አትፍጩ፤ የተሰበረ ዘር ይመራል። የስድስት ፍሬ ውስጡን ማጥለያ ላይ አድርጋችሁ በማንኪያ ጀርባ አሹት፣ ጭማቂውን ስኳር በሟሟበትና በቀዘቀዘ 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀላቅሉ። ሎሚ አያስፈልገውም።

ብርቱካን ከሆነ ጭማቂው ብቻ፣ ሳይፈላ። ልጣጩን ከፈለጋችሁ ውጪውን ቢጫ ክፍል በስሱ ላጡ፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ሽፋን ነው ሁሉን የሚያመርረው።

ለልጆችና ማታ ለሚጠጣ ሰው ካፌይን የሌለው ከርከዴ ጥቁር ሻዩን ይተካል፦ 15 ግራም በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ፣ 8 ደቂቃ። ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ሎሚውን ተዉት። ከእንጆሪ ጋር በጣም ይስማማል። ነፍሰ ጡሮች ግን ከርከዴን ከሐኪማቸው ሳይማከሩ ባያዘወትሩት ይሻላል።

እሳት የማይነካው መንገድ

ፍሪጅ ያለው ሰው ሻዩን ያለ ሙቀት ማውጣትም ይችላል። 12 ግራም፣ ማለትም ልሙጥ 5 የሻይ ማንኪያ ቅጠል ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ፣ ከድናችሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አሳድሩት፤ ጠዋት አጥልሉት። ቀዝቃዛ ውሃ ታኒኑን የሚያወጣው በጥቂቱ ስለሆነ አይመርም፣ አይደፈርስምም። ጣዕሙ ለስለስ ያለ ነው፤ ከማንጎና ከኮክ ጋር ጥሩ፣ ዝንጅብል ካለበት አናናስ ጋር ግን ይሸነፋል።

ይህንኑ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ የሚመክሩ አሉ። አታድርጉት። ፀሐይ ውሃውን ለብ ታደርገዋለች እንጂ ጀርም የሚገድል ሙቀት ላይ አታደርሰውም፤ ለሰዓታት እንዲራባ ትረዳዋለች።

ጥንቃቄ

ትኩስ ሻይ ወይም ሽሮፕ የውሃ ላስቲክ ውስጥ አትጨምሩ። ይጨማደዳል፣ ከላስቲኩም ወደ መጠጡ የማይፈለግ ነገር ይገባል። ከፍሪጅ የወጣ የብርጭቆ ጆግ ላይ ትኩስ ነገር መገልበጥ ደግሞ ይሰነጥቀዋል።

አናናስ፣ ኮክና ሎሚን በተራ አልሙኒየም ድስት አትቀቅሉ፣ አታሳድሩም። አሲዱ ብረቱን እየበላ የብረት ጣዕም ያመጣል።

ሻይ ከምግብ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ያግዳል። ደም ማነስ ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ከምግብ ጋር ሳይሆን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢጠጡት ይሻላል። በስኳር ፋንታ ማር የምትጠቀሙ ከሆነ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

ሲበላሽ፣ ለምንና ምን ይደረግ

ደፈረሰ። ቶሎ ቀዝቅዟል ወይም ቅጠሉ በዝቷል። ሻዩን ብቻውን እያለ ካያችሁት ግማሽ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ቀስ እያላችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩበት፤ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጠራል። የጨመራችሁትን ያህል በኋላ ከሚጨመረው ውሃ ቀንሱ። ፍራፍሬ ከገባበት በኋላ ግን ማጥራት አይቻልም።

መረረ። ደቂቃው አልፏል፣ ወይም ቅጠሉ ተጨምቋል፣ ወይም ናናው አድሯል። ስኳር መጨመር ምሬቱን አያጠፋውም፣ ጣፋጭ መራራ ያደርገዋል። በጣም ካልመረረ የሻይ ማንኪያ ጫፍ የመጋገሪያ ሶዳ ያለሰልሰዋል፤ ቆንጥሩ ካለፈ ግን የሳሙና ጣዕም ይመጣል፣ ሎሚ ከገባ በኋላም አረፋ ከማውጣት ሌላ አይሠራም። አፍ የሚያደርቅ ደረጃ ላይ ከደረሰ ሻዩን ብቻ ድፉና ድገሙት፤ ሽሮፑ ለብቻው ስለተቀመጠ አይጠፋም።

ውሃ ውሃ አለ። ሞቅ እያለ በረዶ ላይ ተቀድቷል። ከፍሪጅ የወጣ ሻይ በረዶውን ቶሎ አያቀልጠውም፤ ለብ ያለው ግን ብርጭቆውን ሙሉ ያቀልጠዋል።

ሻዩ አለ፣ አናናሱ የለም። ፍሬው አልበሰለም ወይም ልጣጩ በኃይል ፈልቷል። ሽሮፑን ሳይከደን ማትነን አትሞክሩ፣ መዓዛውን ይብስ ያጠፋዋል። ከቀረው ሥጋ ጥቂቱን ፈጭታችሁ አጥልላችሁ ጨምሩ።

ወተት ተጨምሮበት ተቆራረጠ። ይህ መጠጥ ወተት አይቀበልም፤ ሎሚውና አናናሱ ይቆርጡታል።

ለብዙ ሰው ሲሠራ ጣዕሙ ተለየ። ለልደት ወይም ለማኅበር አራት እጥፍ ስታደርጉ ሻዩ፣ ውሃው፣ ስኳሩና ፍራፍሬው እኩል ይባዛሉ፤ ዝንጅብልና ቀረፋ ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ይበቃቸዋል። ትልቅ ድስት ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድበት በሦስት አራት ትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉት።

ማስቀመጥ

ሽሮፑ ለብቻው፣ በፈላ ውሃ በታጠበና በደረቀ ጠርሙስ፣ ፍሪጅ ውስጥ 5 ቀን ይቆያል። ማንጎና ፓሽን ፍሩት ስላልተቀቀሉ ከ2 ቀን አይለፉ። ያልተቀላቀለ ሻይ 2 ቀን፣ የተቀላቀለው ደግሞ አንድ ቀን። የፍራፍሬ ቁራጭ ጆግ ውስጥ አታሳድሩ፤ ብርጭቆ ውስጥ ብቻ ይግባ። ሽሮፑን በበረዶ ትሪ አድርጎ ማቀዝቀዝም ይቻላል፤ ሁለት ሦስት ፍሬ አንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ጣል ማድረግ ብቻ ይቀራል።

መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት፤ ተዘግቶ ከቆየ እስከ 4 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ የተቀላቀለውን ድፉት። ሽሮፑ ላይ አረፋ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ወይም የጠጅ ሽታ ካያችሁ መፍላት ጀምሯል ማለት ነው፤ እንደገና አፍልቶ ለማዳን አይሞከርም።